ለዌብ ስራ የትኛው ታይፕ ያለው ፋንክሽናል ቋንቋ ይሻላል? መጀመሪያ ድንበሩን እዩት

ታይፕስክሪፕት በፈረንጆቹ ኦገስት 2025 ላይ ፓይተንንም ጃቫስክሪፕትንም አልፎ ጊትሃብ ላይ በወር ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰራበት ቋንቋ ሆነ። ታይፕ ማለት አንድ ዳታ ቁጥር ነው፣ ጽሁፍ ነው ወይስ ሌላ የሚለውን ኮዱ ላይ ቀድሞ መናገር ነው። የዛሬ አስር አመት "ታይፕ ስራ ያዘገያል፣ ጃቫስክሪፕት የሚወደደው እንደፈለግን ስለሚያሰራን ነው" ሲባል ለነበረበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፣ አሁን ታይፕ ያስፈልጋል አያስፈልግም ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙም አይገኝም። የቀረው ጥያቄ ምን አይነት ታይፕ የሚለው ነው። እዛ ጋ ስንደርስ ነው እንግዲህ ኤልም፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኦካምል፣ ግሊም፣ ሃስኬል፣ ፒዩርስክሪፕት፣ ስካላ፣ ሪስክሪፕት የሚባሉት ስሞች የሚነሱት፣ እነዚህ ከመጀመሪያው ታይፕን የግድ አድርገው የተሰሩ ፋንክሽናል (ፕሮግራሙ በፋንክሽኖች የሚገነባባቸው) ቋንቋዎች ናቸው፣ ታይፕስክሪፕትም ብዙ ነገሩን ከነሱ ሰፈር ነው የወሰደው።

እኔ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰው እነዚህን ቋንቋዎች ሲያወዳድር የሚያየው ውስጣቸውን ነው፣ የትኛው ታይፕ ሲስተም ይበልጣል፣ የትኛው ሞናድ አለው፣ የትኛው ሲንታክሱ ያምራል ምናምን። የዌብ ስራ ግን ከውጭ የሚመጣ ዳታ ሲቀበሉና ወደ ውጭ ሲልኩ መዋል ነው፣ ብራውዘር አለ፣ ዳታቤዝ አለ፣ የሌላ ድርጅት ኤፒአይ አለ፣ የክፍያ ጌትዌይ አለ፣ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ማከማቻ) ላይ የተከመረ የሰው ላይብረሪ አለ። ስለዚህ ቋንቋው መመዘን ያለበት ከነዚህ ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ነው። ውስጡ የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን ድንበሩ ላይ የሚገባውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያምን ከሆነ ኮምፓይለሩ (ኮዱ ከመሮጡ በፊት የሚፈትሸውና የሚቀይረው ፕሮግራም) የሰጠን ዋስትና ላይ ላዩን ነው።

መጀመሪያ ግን እነዚህ ቋንቋዎች ምን እንደሚሰጡ በአንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው። የሆነ ሱቅ ሳይት እየሰራችሁ ነው እንበል፣ ደንበኛው ከፍሏል ወይስ አልከፈለም የሚለውን መያዝ አለባችሁ። ጃቫስክሪፕት ላይ የለመድነው አንድ ኦብጀክት ነው፣ ሁኔታው በስትሪንግ (በጽሁፍ)፣ ሪፈረንስ ቁጥሩ፣ የተከፈለበት ቀን፣ ያልተሳካበት ምክንያት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይገባል፣ ግማሹ ሁልጊዜ ነል (ባዶ) ነው። ይሄ ኦብጀክት "ተከፍሏል" እያለ ሪፈረንስ ላይኖረው ይችላል፣ "አልተሳካም" እያለ የተከፈለበት ቀን ሊኖረው ይችላል፣ የሚከለክለው የለም። ኤልም ወይ ኤፍ ሻርፕ ላይ ግን እንዲህ አይነት ነገር ነው የሚጻፈው፣ ስሞቹን በአማርኛ ሳደርጋቸው፦

ክፍያ =
| በመጠበቅ ላይ
| ተከፍሏል (ሪፈረንስ፣ ቀን)
| አልተሳካም (ምክንያት)

ያለው ሶስት መልክ ብቻ ነው። ሪፈረንስ የሌለው የተከፈለ ክፍያ መጻፍ ራሱ አይቻልም፣ ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም። ከሶስት ወር በኋላ አለቃችሁ መጥቶ "ተመላሽ የሚባል ነገር እንጨምር" ሲላችሁ አራተኛ መስመር ትጨምራላችሁ፣ ወዲያው ኮምፓይለሩ ተመላሽን ያላሰባችሁበትን ቦታ ሁሉ፣ የደረሰኙን ገጽ፣ የወር ሪፖርቱን፣ ኤስኤምኤስ የሚልከውን ፋንክሽን፣ ፋይሉንና መስመሩን እየጠራ ያወጣላችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሪፋክተር አድርጎ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳዋል፣ ያለዚህ እርዳታ ያው በሰርች እየፈለጉ፣ ያልተገኘችውን አንዷን ቦታ ደንበኛው እስኪያገኛት መጠበቅ ነው።

ነልም እንደዛው። ነልን በ1965 አልጎል ደብልዩ ላይ ያስገባው ቶኒ ሆር ራሱ በ2009 የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎ ነው የጠራው። እነዚህ ቋንቋዎች ላይ የሌለ ሊሆን የሚችል ነገር ታይፑ ላይ "ሊኖርም ላይኖርም ይችላል" ተብሎ ይጻፋል፣ ሁለቱንም ሳታስተናግዱ ውስጡን መንካት አትችሉም። የኛን ካላንደር የሚይዝ ሲስተም የሰራችሁ ካላችሁ ሌላም ጥቅም ታያላችሁ፦ ቀን የሚለውን ታይፕ ዝግ አድርጋችሁ በአንድ ፋንክሽን ብቻ እንዲፈጠር ታደርጉታላችሁ፣ ያ ፋንክሽን 13 ወር መሆኑን፣ ጳጉሜ 5 መሆኗን፣ በአራት አመት አንዴ ደግሞ 6 መሆኗን ያያል፣ ከዛ በኋላ የተቀረው ኮድ ውስጥ ጥቅምት 31 የሚባል ቀን የሚገባበት ቀዳዳ የለም፣ በየቦታው ኢፍ እያሉ መጠየቅም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ድንበሩ እንምጣ። ከክፍያ ጌትዌይ የሚመጣ ጄሰን (ሲስተሞች ዳታ የሚላላኩበት የጽሁፍ ፎርማት) ላይ ገንዘቡ ቁጥር ሆኖ ይመጣል ብላችሁ ጠብቃችሁ፣ እነሱ ግን በስትሪንግ "250.00" ብለው ላኩት። ታይፕስክሪፕት ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው "አዝ" የሚለውን ቃል ተጠቅሞ ይሄ ዳታ ክፍያ ነው ብሎ መናገር ነው፣ ኮምፓይለሩም ቃላችሁን ተቀብሎ ያምናል። ከዛ 15 ብር ማድረሻ ትደምራላችሁ። ውጤቱ 265 አይደለም፣ "250.0015" ነው፣ ምክንያቱም ስትሪንግ ላይ ቁጥር ሲደመር ጃቫስክሪፕት መቀጠል ነው የሚያውቀው። የሚያስፈራው ነገር ውጤቱ ቁጥር መምሰሉ ነው፣ በሁለት ዴሲማል ሲታይ 250.00 ነው፣ ስክሪን ላይ ምንም አያስጠረጥርም፣ ኤረር የለም፣ ሎግ ላይ ምንም የለም፣ ማድረሻው ግን ጠፍቷል። ኮዱ በሙሉ ታይፕ አለው፣ ኤዲተሩ ላይ አንድም ቀይ መስመር የለም።

ይሄ የታይፕስክሪፕት ባግ አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ማይክሮሶፍት በ2012 ሲያወጣው ዓላማው ያለውን ጃቫስክሪፕት ሳይረብሽ ታይፕ መጨመር ነበር፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ እንዲሆን አልተፈለገም፣ ታይፖቹ ኮዱ ሲሮጥ የሉም፣ ይጠፋሉ። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የታይፕስክሪፕት ፋይል በቀጥታ ማስኬድ ሲጀምር ያደረገው ነገር ታይፖቹን አራግፎ መጣል ብቻ ነው፣ ቼክ እንኳን አያደርግም። አሬይ ላይ አስረኛውን ስጠኝ ስትሉት አስር ነገር ባይኖርም አለ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ይሄን የሚያጠብቅ ሴቲንግ በ2020 በ4.1 ቨርዥን መጥቷል፣ ግን ጥብቅ የሚባለውን ሞድ ብታበሩትም አብሮ አይበራም፣ ለብቻው ማብራት አለባችሁ። ደግነቱ መድሃኒቱ ይታወቃል፣ ዞድን የመሰለ ላይብረሪ ተጠቅማችሁ ከውጭ የሚገባውን ዳታ ሁሉ በሩ ላይ መፈተሽ ነው፣ ኤረርን ታይፕ ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ደሞ ኢፌክት የሚባለው ላይብረሪ አለ፣ አንድ ፋንክሽን ምን እንደሚመልስ ብቻ ሳይሆን በምን በምን ሊወድቅ እንደሚችልም ታይፑ ላይ ይታያል። ችግሩ ይሄ ሁሉ በፈቃድ ነው። ተቻኩሎ የገባ አንድ ልጅ "ኤኒ" (ምንም ይሁን) ብሎ ጽፎ ያልፋል፣ ያቺ ኤኒ ደሞ ከነካችው ነገር ሁሉ ጋር ትዛመታለች።

ኤልም ከዚህ በተቃራኒ ጫፍ ነው ያለው፣ ለኔ ከሁሉም ብዙ ያስተማረኝም እሱ ነው። ኢቫን ቻፕሊኪ በ2012 ሃርቫርድ ላይ በመመረቂያ ጽሁፉ ነው የጀመረው፣ ፍሮንትኤንድ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀየራል። ኤልም ውስጥ ጄሰን ዝም ብሎ አይገባም፣ ዲኮደር መጻፍ አለባችሁ፣ አማውንት የሚለው ቦታ ላይ ቁጥር ጠብቅ፣ ሪፈረንስ የሚለው ላይ ስትሪንግ ጠብቅ እያላችሁ። ከላይ ያልኩት "250.00" ሲመጣ ዲኮደሩ ይወድቃል፣ የቱ ቦታ ላይ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ ይናገራል፣ እናንተም ዲኮደሩ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ሳትጽፉ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም። ጃቫስክሪፕት ላይብረሪ መጠቀም ከፈለጋችሁ ደሞ ፖርት በሚባል በር መልእክት ትልካላችሁ፣ መልእክት ትቀበላላችሁ፣ በሩ ላይ ታይፑ ይፈተሻል፣ ከኤልም ኮድ ውስጥ ሆኖ ጃቫስክሪፕትን በቀጥታ መጥራት አይቻልም። ኖሬድኢንክ የሚባለው የአሜሪካ የትምህርት ሶፍትዌር ድርጅት ኤልምን ለአመታት ፕሮዳክሽን ላይ ተጠቅሞ የራንታይም ኤክሴፕሽን (ኮዱ ሲሮጥ የሚፈጠር ኤረር) ጣጣ በተግባር ጠፋልን ሲል የነበረው በዚህ ጥብቅነት ምክንያት ነው። ሞዴል፣ አፕዴት፣ ቪው የሚለው አሰራሩም ከራሱ አልፎ ሪደክስን (የአፕን ዳታ የሚይዝ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ቀርጿል፣ ሪአክት ላይ ሪደክስ የተጠቀመ ሰው ሳያውቀው የኤልምን ሀሳብ ተጠቅሟል።

ሌላም ጥቅም አለው፣ ለኛ ሀገር ተጠቃሚ ቀላል የማይባል። ኤልም ውስጥ አንድ ፋንክሽን ከመመለስ ውጪ በጎን ሌላ ነገር ስለማያደርግ፣ ማንም ያልጠራውን ፋንክሽን ኮምፓይለሩ ያለ ስጋት ቆርጦ መጣል ይችላል፣ ላይብረሪ ውስጥ ያለውንም ጭምር፣ ፋንክሽን በፋንክሽን። የኤልም 0.19 ቨርዥን በ2018 ሲወጣ ብዙ ፍሬምወርክ የሚወዳደርበትን አንድ የታወቀ ናሙና አፕ በ29 ኪሎባይት ጨምቀው አሳይተዋል። በሞባይል ዳታ፣ ጥቅል እየገዛ፣ ባረጀ ስልክ ለሚከፍት ሰው ይሄ ገጹ ይከፈታል ወይስ እየዞረ ይቀራል የሚለውን የሚወስን ነገር ነው። ብዙ ዴቨሎፐር በኦፊስ ዋይፋይና በጥሩ ላፕቶፕ ስለሚፈትን ይሄን አያየውም፣ እባካችሁ እዩት።

ግን ያው 0.19 ራሱ የኤልም ጣጣ መጀመሪያ ሆነ። ከዛ በፊት አንዳንድ ድርጅቶች በጓሮ በር ጃቫስክሪፕት ኮድ ኤልም ውስጥ ያስገቡ ነበር፣ በ0.19 ይሄ ለራሱ ለኤልም ዋና ፓኬጆች ብቻ ተፈቅዶ ለሌላው ተዘጋ። በዛ ላይ የተመሰረተ ብዙ ኮድ የነበራቸው ሰዎች በአንድ ቀን መንገድ አጡ፣ ቅሬታው ከባድ ነበር። ከዛ 0.19.1 በ2019 ወጣ፣ ከዛ ወዲህ ለአመታት ዝምታ ነው። የተሰራው አሁንም ይሰራል፣ ያኔ የተጻፈ ኮድ ዛሬም ኮምፓይል ይሆናል፣ በየስድስት ወሩ ሁሉ ነገር ከሚቀያየርበት የጃቫስክሪፕት ዓለም አንጻር ይሄ ራሱ ጸጋ ነው። ግን ብራውዘሩ አዲስ ነገር ሲያመጣ ኤልም ውስጥ እስኪገባ የምትጠብቁት አንድን ሰው ነው። ድንበሩን አጥብቆ የዘጋ ቋንቋ የሚያስከፍለው ዋጋ ይሄ ነው፣ ደህንነቱንና እስሩን አንድ ላይ ነው የሚሰጣችሁ፣ ለይቶ መውሰድ አይቻልም።

በሩን የከፈቱትስ? ሪስክሪፕት፣ ፒዩርስክሪፕት፣ ግሊም፣ ኤፍ ሻርፕ በፌብል (ወደ ጃቫስክሪፕት በሚቀይረው ኮምፓይለር)፣ ሁሉም ጃቫስክሪፕት ፋንክሽንን በቀጥታ እንድትጠሩ ይፈቅዳሉ፣ ታይፑን እናንተ ትጽፉለታላችሁ፣ እነሱ ያምናሉ። ውስጡን በጣም ጥብቅ አድርገው ድንበሩን ለእናንተ ሃላፊነት ትተዋል ማለት ነው። ከታይፕስክሪፕት የሚለዩት እዚህ ጋ ነው፦ እምነቱ ያለበት ቦታ ይታወቃል፣ በሰርች ተፈልጎ ይገኛል፣ ጥቂት ፋይል ውስጥ ይሰበሰባል። ታይፕስክሪፕት ላይ ግን ማንኛውም መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። ይሄ ልዩነት ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፣ ኮዱ ሃምሳ ሺህ መስመር ሲደርስ ግን ምን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል።

ሪስክሪፕት ታሪኩ ያሳዝነኛል። የሪአክት ፈጣሪ ጆርዳን ዎክ የሪአክትን የመጀመሪያ ሙከራ የጻፈው ከኤምኤል ቤተሰብ በሆነ (የኦካምል ዘመድ በሆነ) ቋንቋ ነበር፣ በኋላ ፌስቡክ ውስጥ ኦካምል ላይ የጃቫስክሪፕት መልክ ያለው ሪዝን የሚባል ሲንታክስ አመጣ፣ ብሉምበርግ ውስጥ ደሞ ባክልስክሪፕት የሚባል ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይር ኮምፓይለር ተሰራ፣ ሁለቱ ተጋቡ። በ2017 የፌስቡክ ሜሴንጀር ዌብ ግማሹ ወደ ሪዝን መዞሩን ሲያሳውቁ፣ በየቀኑ የባግ ሪፖርት ይመጣበት የነበረው ክፍል በሙሉ አመቱ አስር ባግ ብቻ እንደታየበት ጽፈው ነበር። እጅን በአፍ የሚያስጭን ውጤት ነው። ከዛ በ2020 የባክልስክሪፕቱ ወገን ስሙንም ሲንታክሱንም ቀይሮ ሪስክሪፕት ሆነ፣ ሪዝን ለብቻው ቀረ፣ ኋላ ደሞ ከኦካምል ጋር መቆየት ለሚፈልጉት መላንጅ የሚባል መጣ። አዲስ ሰው ሲመጣ የቱ ከየቱ እንደሚለይ ሳይገባው ግራ ተጋብቶ ይመለስ ነበር። ቋንቋው ዛሬ ጥሩ ነው፣ ኮምፓይለሩ በጣም ፈጣን ነው፣ የሚያወጣው ጃቫስክሪፕትም ሰው የጻፈው ይመስላል፣ ሪአክት ለለመደ ቲም ደሞ በአንድ ኮምፖነንት ተጀምሮ ቀስ በቀስ መግባት ይቻላል። የስም መከፋፈሉ ግን ብዙ ሰው አስከፍሎታል፣ ቋንቋ ስትመርጡ ከኮዱ ጀርባ ያሉት ሰዎች ተስማምተው ነው ወይ የሚሰሩት የሚለውን ማየት አሉባልታ ማሳደድ አይደለም፣ የስራው አካል ነው።

ግሊም አሁን ሰው ሁሉ የሚያነሳው ነው። ሉዊስ ፒልፎልድ የጀመረው ነው፣ 1.0 ቨርዥኑ ማርች 2024 ላይ ወጣ። የተቀመጠው ቢም በሚባለው ማሽን ላይ ነው፣ ኤሪክሰን ለቴሌፎን ማዞሪያ ብሎ በ1980ዎቹ የጀመረው የኤርላንግ ቋንቋ የሚሮጥበት ማለት ነው፣ ዋትሳፕ በ2012 አንድ ሰርቨር ላይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ኮኔክሽን የያዘበት። እዛ ላይ ሺህ ጊዜ ሺህ ትንንሽ ፕሮሰሶች ለየብቻ ይሮጣሉ፣ አንዱ ቢወድቅ የሌላው ደንበኛ ጥያቄ አይነካም፣ ሱፐርቫይዘሩ እንደገና ያስነሳዋል። ኤርላንግም ኤሊክሰርም ይሄን ይሰጣሉ፣ ግን ታይፕ አልነበራቸውም (ኤሊክሰር ከ2024 ጀምሮ ቀስ በቀስ እያስገባ ነው)። ግሊም ይሄንን ማሽን ከጥብቅ ታይፕ ጋር ነው የሚሰጠው፣ በተጨማሪ ወደ ጃቫስክሪፕትም ስለሚቀየር አንዱን የክፍያ ታይፕ ሰርቨሩም ብራውዘሩም ይጋሩታል፣ ፍሮንትኤንድ ላይ ለስተር የሚባለው ፍሬምወርክ የኤልምን መንገድ ነው የተከተለው። ቋንቋው ሆን ተብሎ ትንሽ ነው፣ አንድን ነገር የመጻፊያው መንገድ አንድ ወይ ሁለት ነው፣ ጃቫስክሪፕት የሚችል ሰው በቅዳሜና እሁድ ውስጥ ዋናውን ነገር ይጨብጠዋል ብዬ አምናለሁ። የሚጎድለው ላይብረሪ ነው። የኤርላንግና የኤሊክሰርን ፓኬጅ መጥራት ይቻላል፣ ታይፑን ግን እናንተ ናችሁ የምትጽፉት፣ ያው ድንበሩ ላይ ሃላፊነት አለባችሁ። ጄሰን ደሞ እንደ ኤልም በዲኮደር ነው፣ ደግነቱ ኤዲተሩ ዲኮደሩን ከታይፑ ላይ አይቶ ሊያወጣላችሁ ይችላል።

ኤፍ ሻርፕ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የሚገባውን ያህል አይወራለትም። ዶን ሳይም ማይክሮሶፍት ሪሰርች ካምብሪጅ ውስጥ የሰራው ነው፣ በ2005 ወጣ፣ ዶትኔት ላይ ነው የሚሮጠው፣ ስለዚህ ለሲ ሻርፕ የተሰራው ላይብረሪ በሙሉ፣ የዳታቤዙ፣ የፒዲኤፉ፣ የኢሜይሉ፣ እጃችሁ ላይ ነው። እዚህ ከተማ ዶትኔት ላይ የሚሰራ ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ልጆች አለቃችሁን አዲስ ሰርቨር፣ አዲስ ሆስቲንግ ብላችሁ ሳታስጨንቁ አንድ ፕሮጀክት በኤፍ ሻርፕ ጨምራችሁ ከሲ ሻርፑ ጋር አብሮ ማስኬድ ትችላላችሁ። የመለኪያ አሃድ የሚባል ነገር አለው፣ ቁጥር ላይ ብር ወይ ዶላር ብላችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ከዛ 100 ብር ላይ 20 ዶላር ልደምር ብትሉ ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል። በምንዛሬ ስታባዙት፣ ምንዛሬውን ብር በዶላር ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ዶላሩ ተሰርዞ ብር ብቻ መቅረቱን ራሱ ያሰላል፣ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው። አሃዱ ኮዱ ሲሮጥ ስለማይኖር ፍጥነት ላይ ምንም አያስከፍልም። ዶላርና ብር በሚገናኙበት ሲስተም ላይ፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ወይ የአስመጪ ሂሳብ ላይ፣ ይሄ ቅንጦት አይደለም።

የኤፍ ሻርፕ ድንበር ግን ነል ነው። በራሱ ቋንቋ የጻፋችሁት ታይፕ ነል አይሆንም፣ ከሲ ሻርፕ ላይብረሪ የሚመጣው ግን ሊሆን ይችላል፣ በ2024 መጨረሻ የወጣው ኤፍ ሻርፕ 9 ይሄን የሚያሳይ ቼክ ጨምሯል፣ እናንተ ካበራችሁት። ፋይሎች ደሞ በቅደም ተከተል ነው ኮምፓይል የሚሆኑት፣ ታች ያለው ላይ ያለውን ያያል፣ ላይ ያለው ታች ያለውን አያይም። መጀመሪያ ያናድዳል፣ በኋላ ግን የማታውቁትን ፕሮጀክት ስትከፍቱ ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ማንበብ ስለምትችሉ ትወዱታላችሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ሃስኬል ሰርቫንት የሚባል ፍሬምወርክ አለው፣ የኤፒአዩን ቅርጽ በታይፕ ትጽፉታላችሁ፣ ከዛ ሰርቨሩ ይፈተሽበታል፣ ክላየንቱ ይወጣበታል፣ ዶክመንቴሽኑም ይወጣበታል፣ ድንበርን ከሁሉም በላይ ከምር የወሰደ ሀሳብ ነው፣ ግን ስትሳሳቱ የሚመጣው የኤረር መልእክት ገጽ ሙሉ ነው፣ ብቻውን ለሚማር ሰው ከባድ ነው። የሃስኬልን ሀሳብ ብራውዘር ላይ የሚፈልግ ፒዩርስክሪፕት አለለት፣ ማህበረሰቡ ትንሽ ነው ግን ጠንካራ ነው። ኦካምል በ5.0 ቨርዥኑ በ2022 መጨረሻ ብዙ ኮር መጠቀም ቻለ፣ ድሪም የሚባለው ዌብ ፍሬምወርኩም ደስ ይላል፣ ላይብረሪ ሲጎድላችሁ ግን ራሳችሁ ልትጽፉ ነው። ስካላ ትልቅ ነው፣ ስራም አለው፣ ስካላ 3 በ2021 ብዙ ነገር አስተካክሏል፣ ግን አካ የሚባለው ብዙ ሰው የተደገፈበት ላይብረሪ በ2022 ላይሰንሱ ተቀይሮ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚከፈልበት ሆነ፣ አፓቼ ስር ፔኮ የሚባል ቅጂ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቲም ተጨንቋል። ድንበር ስል የኮድ ብቻ አይደለም፣ የምትደገፉበት ነገር በማን እጅ ነው የሚለውም አለበት።

ስለ ኤአይ ሳላነሳ ብቀር ጽሁፉ ጎደሎ ይሆናል፣ ዛሬ ብዙ ኮድ በነሱ እርዳታ ነው የሚጻፈው። ሁለት ተቃራኒ ነገር አለ። አንደኛ፣ ሞዴሎቹ ታይፕስክሪፕት በብዛት አንብበዋል፣ ኤልም ወይ ግሊም ስትጠይቋቸው ከትልልቆቹ ለውጦች በፊት የነበረ አሮጌ ሲንታክስ ቀላቅለው ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የሰጧችሁ ኮድ ስህተት ሲኖረው ጥብቅ ኮምፓይለር ወዲያው ይይዘዋል፣ ኤረሩን መልሳችሁ ስትሰጧቸው ያስተካክላሉ፣ ታይፕስክሪፕት ላይ ግን ኤኒ ብለው ሸፍነው ሊያልፉ ይችላሉ፣ እናንተም ኮዱን ያልጻፋችሁት ስለሆናችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። በኔ እይታ ሁለተኛው ይበልጣል፣ እናንተ ያልጻፋችሁት ኮድ በበዛ ቁጥር የሚፈትሽላችሁ ነገር ጥብቅ መሆን አለበት።

ስራስ? እዚህ ሀገር የስራ ማስታወቂያ ስታዩ ሪአክት፣ ኖድ፣ ዶትኔት፣ ላራቬል፣ ፍላተር ነው፣ ግሊም የሚል አታገኙም፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ስራ ለመቀጠር ብቻ ከሆነ የምትማሩት ታይፕስክሪፕትን በደንብ ተማሩ፣ ጥብቅ ሴቲንጎቹን አብርታችሁ፣ ኤኒን ከልክላችሁ፣ ድንበሩ ላይ ፈታሽ አድርጋችሁ። ኤልምን ደሞ ለሁለት ሶስት ሳምንት ማታ ማታ ሞክሩት፣ የሚቀጥራችሁ ስለሚኖር ሳይሆን ከዛ ስትመለሱ ታይፕስክሪፕት የምትጽፉበት መንገድ ስለሚቀየር ነው፣ ክፍያን በሶስት መልክ መጻፍን እዛ ተምራችሁ ሪአክት ላይ ታመጡታላችሁ፣ ታይፕስክሪፕትም ይፈቅዳል።

የራሳችሁን ፕሮዳክት የምትሰሩ፣ ሁለት ሶስት ሆናችሁ፣ ቋንቋ የመምረጥ ነጻነት ያላችሁ ከሆነ ግን የኔ ምክር እንዲህ ነው። ዶትኔት ከነካችሁ ወይ የገንዘብ ሂሳብ የሚበዛበት ነገር ከሆነ ኤፍ ሻርፕ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ የሚቆይበት፣ ቻት፣ ትራንስፖርት፣ ላይቭ ነገር ከሆነ ግሊም። ቀድሞ የተሰራ የሪአክት ሳይት ላይ ጥብቅነት ለመጨመር ከሆነ ሪስክሪፕት ወይ በዲሲፕሊን የተያዘ ታይፕስክሪፕት። ሃስኬልና ኦካምልን ቲማችሁ ውስጥ ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ለመጀመሪያ ፕሮዳክት አልመክርም፣ ከመቀጠር ጀምሮ እስከ ሆስቲንግ ሁሉም ነገር ላይ ብቻችሁን ትሆናላችሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት ደሞ ቱዱ ሊስት አትስሩ፣ ቱዱ ሊስት በሁሉም ቋንቋ ያምራል። ከክፍያ ጌትዌይ የሚመጣውን ዌብሁክ (ክፍያ ሲፈጸም ጌትዌዩ ራሱ የሚልከውን መልእክት) ተቀብሎ ዳታቤዝ ላይ ጽፎ ደረሰኝ የሚያሳይ ትንሽ ነገር ስሩ። ፊርማውን አረጋግጡ፣ ያው መልእክት ሁለቴ ሲመጣ ሁለቴ እንዳይመዘግብ አድርጉ፣ ከዛ ሆን ብላችሁ አማውንቱን በስትሪንግ ላኩበት፣ አንዱን ፊልድ አጥፍታችሁ ላኩበት፣ ተመላሽ የሚለውን አዲስ ሁኔታ ጨምሩበት። በየትኛው ቋንቋ ስህተቱ ኮምፓይለሩ ላይ ታየ፣ በየትኛው ድንበሩ ላይ ተያዘ፣ በየትኛው ዳታቤዙ ድረስ ገባ፣ ይሄን ጻፉና ከቲማችሁ ጋር ተነጋገሩበት፣ ለዳታቤዙ የሚሆን ላይብረሪ ፍለጋ ስንት ሰዓት እንደወሰደባችሁም አብራችሁ ጻፉ።